ወደ ግሸን በእግር ለምንሄድ፦ መነሻችንን ከወዲሁ እናስተካክል

(ከዚህ በታች የቀረበው፣ በሰኔ ወር በተደረገው የሠፈራችን ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ የማኅበራችን አባል ያደረጉት ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማሰብ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል።)



  ሰባኪ አይደለሁም። ስለ ጸሎቱና ስለ ሱባዔው የሚናገሩ ካህናት አሉን። እኔ የምናገረው ስለ እግር፣ ስለ ስንቅና ስለ ቀን ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው በዚሁ በትንሹ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው፣ ለመስከረም 21 የግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ከመዘዞ በእግር እንሂድ ያልን ሰዎች እስከ ትናንት ድረስ ሠላሳ አንድ ደርሰናል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የስለት ሰዎች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እደጃችን በደረሰ ጊዜ፣ በየጓዳውና በየገደሉ ሥር ተደብቆ «ልጄን ብቻ በሰላም መልሽልኝ፣ በእግሬ መጥቼ ደጅሽን እሳለማለሁ» ያላለ ማን አለ? የተመለሰለት አለ፤ ያልተመለሰለትም አለ። ሁለቱም ግን ዛሬ «እንሂድ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ጉዞ በዘፈቀደ የሚጀመር አይደለም።

አሁን በመካከላችን ሦስት ዓይነት ሐሳብ አለ። ወጣቶቹ «ርቀቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቀን ሃያ አምስት ብንሄድ ዐሥራ ሁለት ቀን ይበቃል፤ ስለዚህ መስከረም 9 እንነሣ» ይላሉ። ትልልቆቹ «ስለት ከደጅ ተነሥቶ ነው፤ አንድ እርምጃ እንኳ በመኪና ከሄድን ምኑን በእግር ሆነ?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ሁላችንም በአውቶቡስ ደሴ ድረስ ሄደን ከዚያ በእግር እንጀምር» ይላሉ። ሦስቱም ሐሳብ እውነት አለበት። ነገር ግን ሦስቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል። ይህንን ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ባስረዳ ይሻላል።

በ1986 ዓ.ም. ሃያ ሆነን ከዚሁ ከሠፈራችን ወደ ግሸን በእግር ሄደን ነበር። ያን ጊዜ ጉልበቴ ሙሉ ነው፤ ቀኑን የቆጠርኩትም እኔ ነኝ። ሂሳቤ አሁን ወጣቶቹ ከሚሉት ጋር አንድ ነው፦ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ መስከረም 9። የኪሎ ሜትሩ ሂሳብ ትክክል ነበር። የሰዉ ሂሳብ ግን አልገባበትም።

አብረውን አንዲት እማሆይ ነበሩ። የመጀመሪያውን ቀን በደህና ደብረ ሲና ገባን። በሁለተኛው ቀን «ቁልቁለት ነው፣ ምን አለበት» ብለን በአርማንያ አድርገን ሸዋ ሮቢት ድረስ ሠላሳ አምስቱን ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ወረድን። ጎበዝ! ቁልቁለት የሚከብደው ሲሄዱበት ሳይሆን በማግስቱ ነው። በማግስቱ እማሆይ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ፤ የግራ እግራቸውም አበጠ። እንደዚያም ሆነው በጀውሃ፣ በሰንበቴ አድርገው ከኋላ ከኋላችን እየተጎተቱ እስከ አጣዬ መጡ። እዚያ ላይ መቆም አቃታቸው። እሳቸውም «ሂዱ፣ በዓሉ እንዳያልፋችሁ» አሉን። እኛም እሺ አልን። እሺ ያልነው ፈቃዳቸውን አክብረን ነው ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። አንድ ትርፍ ቀን እንኳ ስላልያዝን፣ ቃላቸው ስለተመቸን ነው።

አንድ የሙስሊም ቤተሰብ «እኛ እናስታምማቸዋለን» ብሎ ተቀበለልን። እማሆይ ከመቀነታቸው ጧፍ ፈትተው ሰጡኝና እኛ ሄድን። ጧፉን ግሸን አድርሼ አብርቻለሁ። ተመልሰን ስንመጣ እሳቸው ቀድመውን ቤታቸው ገብተዋል። ያ ቤተሰብ ዘጠኝ ቀን አስታሞ፣ ከአንድ ከባድ መኪና ነጂ ጋር ተነጋግሮ ደብረ ሲና ድረስ ልኳቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ መቃጠሏን በሰማሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ቤት ነው።

እማሆይ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖሩ። መስከረም 21 በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰዎ ልላቸው ስሄድ «በሩ ጠባብ ነው አሉ፣ እውነት ነው? አምባው ከላይ ሲያዩት መስቀል ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ይጠይቁኛል። አንድም ቀን «ለምን ጥላችሁኝ ሄዳችሁ?» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ስለታቸውን ሳያደርሱ ዐረፉ።

ስለዚህ ሦስቱም ሐሳቦች የዘነጉት ይህ ነው፦ መነሻ ቀን የሚቆጠረው በጠንካራው እግር ሳይሆን በደካማው እግር ነው። ጠንካራው በማናቸውም ቀን ቢነሣ ይደርሳል። ደካማው የሚደርሰው ግን ቀኑ ለእሱ ታስቦ የተቆረጠ እንደሆነ ብቻ ነው።

እስቲ አሁን አብረን እንቁጠር። ከመዘዞ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ሲና አንድ ቀን ነው። ከደብረ ሲና እስከ ደሴ በመኪናው መንገድ ሁለት መቶ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌ አድርጎ ግሸን ድረስ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመጨረሻው አቀበት ስላለበት አራት ቀን እንበለው። ይህ በጠቅላላው ዐሥራ አራት የጉዞ ቀን መሆኑ ነው። በዚህ ላይ ደሴ አንድ ቀን ዕረፍት ይጨመር። እንደገናም ለሚታመም ሰው፣ ለዝናብ ወይም ለመንገድ መዘጋት አንድ መጠባበቂያ ቀን ይያዝ። ዐሥራ ስድስት ሆነ። እንግዲህ ከመዘዞ የምንነሣው መስከረም 4 ቀን ነው ማለት ነው። እንቁጣጣሽን ከቤተሰባችን ጋር አክብረን፣ ሁለት ቀን ተሰናድተን እንወጣለን። የደመራ ዕለት ሐይቅ አካባቢ እንሆናለን፤ መስከረም 19 ማታ ግሸን እንገባለን። ከበዓሉ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይተርፈናል። መጠባበቂያዋን ቀን ካልነካናት ደግሞ ሁለት ቀን ይኖረናል።

ቁልቁለቱንም እንከፋፍለው። ጣርማ በር ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርድ አገር ነው። ሸዋ ሮቢት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከደብረ ሲና ወደዚያ ስንወርድ በሁለት ቀን እንጂ በአንድ ቀን አይሁን። በጣርማ በር ዋሻ የምናልፍ ከሆነም ተበታትነን ሳይሆን ተያይዘን፣ ባትሪ አብርተን፣ ዳር ዳሩን ይዘን ይሁን። ከባድ መኪና የሚያልፍበት ጨለማ ነው፤ ነጂው ነጠላ የለበሰ ሰው በድንገት ሲያይ ለማቆም ጊዜ የለውም።

ቀጥሎ ያለው ነገር ወባ ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ወባን ያልለመደ ሰውነት ይዘን ነው ቆላ የምንወርደው። የምንወርድበትም ጊዜ ክፉ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የምትበረታበት ወቅት ነው። ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ በከሚሴ፣ በሐርቡ አድርገን ኮምቦልቻ እስክንደርስ አንድ ሳምንት ያህል በቆላው ውስጥ እናድራለን። ትንኟ ዛሬ ብትነክስ ትኩሳቱ ዛሬ አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ላይ የተነከሰ ሰው የሚታመመው ግሸን አምባ ላይ ወይም ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ከተመለስን በኋላ ነው የወደቁት። ቤተሰቦቻቸው የመንገድ ድካም መስሏቸው ብዙ ቀን አስተኟቸው፤ ከስንት ጭንቅ በኋላ ተረፉ። በመሆኑም አጎበር የሌለው ሰው አይነሣ። ከጉዞው መልስ እስከ አንድ ወር ድረስ ትኩሳት የያዘው ሁሉ «ቆላ አድሬ ነበር» ብሎ ለሐኪም ይናገር፤ ዛሬ ነገ ሳይል ደሙን ይመርመር።

ውኃም እንዲሁ ነው። ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ የተቅማጥ በሽታ ቶሎ ይዛመታል። በ2015 ዓ.ም. በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ የጠበል ስፍራ የኮሌራ በሽታ ተነሥቶ እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ግሸን ላይም ሕዝቡ ብዙ ነው። ስለዚህ ውኃ አፍልተን ወይም እንደ ውኃ አጋር ባለ ማከሚያ አክመን እንጠጣ። ድንገት ተቅማጥ የያዘው ሰው ቢኖር፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ያጠጡት፤ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ልኩ እንዳይዛባ፣ ጨው ከበዛ ይጎዳል።

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ሁላችንም ከየት እንነሣ? ይህ ነገር ሰሞኑን ሰውን ማስኮረፍ ጀምሯል። «እገሌ በመኪና ሊሄድ ነው፣ ስለቱ አይቆጠርለትም» የሚል ቃል ሰምቻለሁ። ይኼ ነገር ይቅር። ስለትን የሚመዝነው ጎረቤት ነው እንዴ?

በሌላውም አገር ይኸው ጥያቄ ነበረ። በስፔን አገር የሐዋርያው የቅዱስ ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ሰዎች በእግር ይጓዛሉ። የጥንቶቹ እያንዳንዳቸው ከገዛ ቤታቸው ደጃፍ ነበር የሚነሡት። በዛሬው ጊዜ ግን ቢያንስ የመጨረሻውን መቶ ኪሎ ሜትር በእግሩ የሄደ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ከደሴ ግሸን ያለው መንገድ ከዚያ ብዙም የሚያንስ አይደለም፤ አቀበቱ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው።

የእኛውን የሸዋውን አባት አቡነ ተክለ ሃይማኖትንም እናስብ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ወርደው በአባ ኢየሱስ ሞአ ሥር ተቀመጡ፤ የተቀመጡትም ለዓመታት ነው። እዚያ የደረሱት በዚያ ዘመን መንገድ ነው። ስማቸው የሚጠራው ግን ስንት ቀን ፈጀባቸው ተብሎ አይደለም።

ስለሆነም በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ጤናው የተሟላና የልምምዱን ጉዞ የፈጸመ ሰው ከመዘዞ መስከረም 4 ይነሣ። ጉልበት የከዳው፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ሐኪምን አማክሮ ሲፈቀድለት መስከረም 13 በመኪና ደሴ ገብቶ እዚያ ይጠብቀን። ሁላችንም ደሴ ላይ አንድ እንሆናለን። ከደሴ በኋላ ፊት የሚሄዱት አዛውንቱ ናቸው፤ ወጣቱ ከኋላ ነው። እሳቸው ከቆሙ ሁሉም ይቆማል። «ከደጄ በእግሬ» ብላ የተሳለች እናት አቅሟ ካልፈቀደ ለነፍስ አባቷ ትንገር፤ እሳቸው የሚሏትን ትስማ እንጂ የሠፈር ወሬ አትስማ።

ሕመማችንን አንደባብቅ፤ ይህን በተለይ አደራ እላለሁ። «እንዳያስቀሩኝ» ብሎ መድኃኒቱን ደብቆ የሚነሣ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሠላሳውንም ሰው መንገድ ላይ ያቆማል።

ስለ ስንቅና ስለ ዕቃ ባጭሩ ልናገር። የገብስ አገር ሰዎች ነን፤ በሶና ቆሎ ሞልቶናል። በሶ ቀላል ነው፣ እሳት አይፈልግም፣ ለረቡዕና ለዓርብም ይሆናል። ዳቦ ቆሎ ይጨመር። የእያንዳንዱ ሰው ሸክም ከሰባት ኪሎ አይብለጥ። ወፍራም ባና ሁሉም ይያዝ አልልም፤ ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል፤ ቆላ ላይ ሸክም ነው፣ ግሸን ላይ ግን ያለ እሱ ሌሊቱ አይነጋም። ለዝናብ ላስቲክ፣ ለእጅ ሳሙና፣ ሁለት ካልሲ ይያዝ። ጫማ ቢያንስ ሁለት ወር የተለመደ ይሁን፤ አዲስ ጫማ ለበዓል እንጂ ለመንገድ አይሆንም። እግር ውኃ ሲቋጥር አይፈንዳ፤ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ቆላው ውስጥ ስንገባ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት እንሂድ፤ ፀሐዩ እስኪበርድ ጥላ እንያዝ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንቀጥል። ከመሸ አንድም ሰው መንገድ ላይ አይገኝ።

በመጨረሻም ስለ ሰላም። ይህ መንገድ ባለፉት ዓመታት ስንት መከራ እንዳየ ለእናንተ አልነግርም። ከመነሣታችን ሳምንት በፊት ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከከሚሴና ከደሴ ዘመድና ወዳጅ ያለው ሁሉ ስልክ ደውሎ ይጠይቅ። እንደገናም በዋዜማው ይጠየቅ። ከአንዱ ስፍራ እንኳ «አትምጡ» ከተባለ አንነሣም። ይህን ስል ፊታቸው የጠቆረባቸው ሰዎች እዚህ አያለሁ። ይገባኛል። ነገር ግን የስለቱ ምክንያት የልጅ ሕይወት አይደል? ለአንድ ልጅ ሕይወት የተሳልነውን ስለት የሌላ ልጅ ሕይወት ገብረን አንፈጽመውም። ግሸን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ግማደ መስቀሉን ይዛ እዚያው አለች፤ ለከርሞም አትሄድም። ያልተነሣ ሰው ከርሞ ይነሣል። በክፉ ቀን የተነሣ ግን ላይመለስ ይችላል።

እንግዲህ ስብሰባው እንዲወስንልኝ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

1ኛ/ ተጓዦች ሁሉ እስከ ሐምሌ 5 ድረስ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ስማቸውን፣ ሕመም ካለባቸው ሕመማቸውንና የሚነሡበትን ስፍራ፣ መዘዞ ወይም ደሴ ብለው ያስመዝግቡ።

2ኛ/ ከሐምሌ 5 በኋላ እስከ ፍልሰታ ጾም መግቢያ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ፣ የመንገዱን ሸክም ተሸክመን የልምምድ ጉዞ እንሂድ። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። ቁልቁለትም ይኑርበት።

3ኛ/ ስድስት ስድስት ሰው በአንድ ቡድን ይሁን፤ የቀረው አንድ ሰው ከሚቀርበው ቡድን ጋር ይግባ። ለየቡድኑ አንድ አለቃ ይመረጥ። አለቃው ጧትና ማታ ሰው ይቁጠር። ቁጥሩ ካልሞላ ቡድኑ አይንቀሳቀስ።

4ኛ/ ለመድኃኒት፣ ለታመመ ሰው መመለሻና ለመሳሰለው የሚሆን የጋራ ገንዘብ ይዋጣ። የተረፈው ስንመለስ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ሂሳቡ ይለጠፍ።

5ኛ/ አንድ ሰው መቀጠል ቢያቅተው ብቻውን እንዳይቀር፤ ከቡድኑ አንድ ሰው አብሮት ይቅር። አብሮ የሚቀረው ሰው ማን እንደሆነ ከመነሣታችን በፊት ይታወቅ። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ። ግሸንን አይቻለሁ፤ ለሌላው ሰው ብዬ አጣዬ ላይ ብቀር የሚቀርብኝ ነገር የለም።

በመጨረሻ አንድ ቃል ልጨምር። ብዙ ሰው ጉዞ የሚጀመር የሚመስለው ቦርሳው ታዝሎ፣ ደወሉ ተደውሎ ከበር ሲወጣ ነው። እኔ ግን ከእማሆይ የተማርኩት ሌላ ነው። ያኔ ጥለናቸው የሄድነው አጣዬ ላይ ነው ብዬ ለብዙ ዘመን አስብ ነበር። አይደለም። ጥለናቸው የሄድነው እዚሁ መዘዞ፣ መስከረም 9 ብለን ቀን የቆረጥን ዕለት ነው። ዛሬ ያው ቀን እንደገና እጃችን ላይ ነው፤ እንግዲህ አስቡበትና ወስኑ።

 ለሁላችንም ክረምቱን የሰላም ያድርግልን።

(ከውይይት በኋላ አምስቱም ነጥቦች በስብሰባው ተቀባይነት አግኝተዋል። የመዘዞ መነሻ ቀን መስከረም 4 እንዲሆን ተወስኗል፤ የመንገዱ ሰላም እንደ ተባለው ተጠይቆ ሲረጋገጥ ብቻ የሚጸና ይሆናል።)